ስንት ቤት ነን?

የጋሽ ላቴቦን ማረፍ የሰማሁት ዱራሜ፣ ቢሮዬ ውስጥ፣ ባለጉዳይ ፊቴ ተቀምጦ ነው። የደወለልኝ መለሰ ነበር፤ የሆሳዕና ጎረቤታችን የነበረው፣ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ነጋዴው። መለሰ መርዶ መናገር አይችልበትም። መጀመሪያ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ ቀጥሎ ዱራሜ ዘንቦ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ከዚያ «ሰውዬው ሄዱ እኮ» አለኝ። የትኛው ሰውዬ ብዬ አልጠየቅኩም። መለሰንና እኔን የሚያገናኘን ሰውዬ አንድ ብቻ ነው።

«ብቻቸውን ነበሩ?» አልኩት።

«ኧረ በፍጹም! እትዬ አማረች አጠገባቸው ነበሩ። እኛስ ብንሆን ሁላችንም እዚሁ በራችን ላይ አይደለን እንዴ?»

እውነቱን ነው፤ ሁሉም በራቸው ላይ ነበሩ። ትልልቅ የብረት በር አላቸው። ስልኩን ዘግቼ ባለጉዳዩን ነገ ተመለስ አልኩትና አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ።

ሆሳዕናን ያወቅኳት ተመርቄ በተመደብኩበት ዓመት ነው። የከምባታ ልጅ ነኝ፤ ከዱራሜ ሆሳዕና ሩቅ አገር ባይሆንም ለብቻዋ ለወጣች ሴት ልጅ ግን ሁሉም አገር ሩቅ ነው። የጋሽ ላቴቦና የባለቤታቸው የእትዬ አማረች ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ክፍሏ አልጋ ከገባባት በኋላ እኔ በጎን ነበር የምገባው። ሰፈሩ ያኔ የእንሰት አጥር እንጂ ግንብ አያውቅም። ጎረቤት ማን ምን ወጥ እንደሠራ ከሽታው ይታወቃል፤ የተጣላ ባልና ሚስት እንኳን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጣላው።

ጋሽ ላቴቦ ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ሾፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ግራ ክንዳቸውን በመኪና መስኮት አውጥተው ስለነዱ ግራ እጃቸው ከቀኙ ይጠቁራል። መንዳት ካቆሙ በኋላ እንኳን በእግራቸው እየሄዱ ጥግ ሲታጠፉ ያንን ጥቁር እጅ ዘርጋ ያደርጋሉ። የሰፈሩ ባጃጆች ይሄን ያውቃሉ፤ ከኋላ ቀስ ይሉላቸዋል። አንዴ እየሳቅሁ «ጋሼ፣ ፍሬቻ አሳዩ እኮ» ብላቸው ቆም ብለው እጃቸውን አዩትና «ከኋላዬ ሰው አለ ብዬ ነው» አሉኝ።

ሌላው ነገራቸው አማርኛቸው ነው። ሲያወሩ ውብ ነው፣ ቀልዱም ምርቃቱም ይመጣላቸዋል፤ ግን እኔን «አንተ» ነው የሚሉኝ። በሀዲይኛ ለወንድም ለሴትም «አቲ» ነው፤ የእኛም ከምባትኛ እንደዚያው ስለሆነ ነገሩ ገብቶኝ አላረምኳቸውም። ለሰሚ ግን ያስቃል። ስሜን የነገርኳቸው ቀን ዙሪያዬን እንደ መፈለግ አደረጋቸውና «ስምህ ብዙነሽ ነው፣ የመጣኸው ብቻህን። ሌሎቹ የት ቀሩ?» አሉኝ። እዚያ ከተማ ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት መስቀል ደረሰ። በእኛ አገር፣ በሀዲያም በከምባታም፣ መስቀል ሲደርስ ብቻውን የሚቀር ሰው የለም፤ ቤት የመሠረተ በቤቱ ያከብራል፣ ያልመሠረተ ወደ ወላጆቹ ይገባል። እኔ በራሴ ምክንያት ያን ዓመት ወደ ቤተሰቤ አልሄድኩም። ክፍሌ ውስጥ ተሸጉጬ በዓሉ እስኪያልፍ ልጠብቅ ወስኜ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

«አንተ፣ ቅርጫ ገብተሃል?» አሉኝ ጋሽ ላቴቦ።

«ጋሼ ደግሞ፣ እኔ ምን ቤት አለኝና ነው ቅርጫ የምገባው?»

ዞር ብለው በሩን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። «ይሄ ምንድነው? በር አይደለም? ውስጥ ሰው የለም? በር ካለ፣ ውስጥ ሰው ካለ፣ ቤት ነህ።»

እንደዚህ ነበር አቆጣጠራቸው። የመስከረም ወር ሲገባ በየደጁ እየዞሩ «ዘንድሮ ስንት ቤት ነን?» ይላሉ። ሰው አይቆጥሩም፣ ቤት ነው የሚቆጥሩት። ከወለደ ከከበደ ጋር እኩል፣ እኔም አንድ ቤት ሆኜ ተቆጠርኩ። አባቴ ቤት ሳለሁ እንኳን ቤት ተብዬ አላውቅም።

በሬውን የሚመርጡት እሳቸው፣ የሚመድቡትም እሳቸው ናቸው። ግቢው ውስጥ የእንሰት ቅጠል ይነጠፋል፤ ሥጋው እዚያ ላይ በየቤቱ ቁጥር ይመደባል። ጉበቱ ለሁሉም ይደርሳል፣ ጨጓራው ለሁሉም ይደርሳል፣ ከሻኛው ጥፍር የምታክል ብትሆንም ለሁሉም ትደርሳለች። መድበው ሲጨርሱ ቢላውን ያስቀምጡና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በመደቦቹ መሃል ይዞራሉ። ጎንበስ ይላሉ፣ ከአንዱ ቁራጭ ያነሳሉ፣ ለሌላው ይጨምራሉ፣ እንደገና ይዞራሉ። ይሄኔ ሰው ሁሉ ርቦት ይቁነጠነጣል፤ ሰውዬው አይቸኩሉም።

ከዚያ ዕጣ ነው። አንዱ የቤቱን ቁልፍ፣ የቤት ቁልፍ ያልያዘው የኮቱን ቁልፍ፣ አንዱ ቅጠል ባርኔጣ ውስጥ ይጥላል። እኔ የጸጉሬን ማስያዣ ጣልኩ። የማን ዕጣ የትኛው እንደሆነ ያላየ ሰው ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ጋሽ ላቴቦ ዕጣ አይጥሉም፤ መዳቢ ስለሆኑ የተረፈው የእሳቸው ነው። ዕጣው እንደወጣ ጭቅጭቅ ይጀመራል። «የኔ አነሰ!» ይላል መለሰ፤ በየዓመቱ የእሱ ያንሳል። «አጥንት ብቻ ነው የደረሰኝ!» ትላለች ሌላዋ። ጋሽ ላቴቦ ክሱን ሁሉ በደስታ ይሰማሉ። ለማንም አይፈርዱም፣ ማንንም አይቆጡም።

በመጨረሻ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ይቆማል፤ እሳቸው ደም የነካውን እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይመርቃሉ።

«ለከርሞ ሁላችሁም የየራሳችሁን በሬ እረዱ!»

«አሜን!»

«ማንም የማንንም መደብ አይጠብቅ!»

«አሜን!»

«ቤታችሁ ሞልቶ ይትረፍረፍ!»

እንዴት ያለ አሜን መሰላችሁ። ከመለሰ ጀምሮ ያን ግቢ ያናውጡታል። እኔም ከዳር ቆሜ አሜን አልኩ።

አንድ ዓመት ከሞርሲቶ ገበያ የተገዛው በሬ ግቢ ሊገባ ሲል ገመዱን በጥሶ አመለጠ። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። በሬው መንገዱን ይዞ ሄዶ ሄዶ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ መዘምራን ልምምድ ላይ ነበሩ። ኪቦርድ የሚመታው ልጅ በመስኮት ወጣ። በሬው ተመልሶ ሲወጣ መለሰ ቀንዱን እይዛለሁ ብሎ ቦይ ውስጥ ገባ፤ እትዬ አማረች በነጠላቸው በሬውን እንደ ዶሮ እሽ ይሉታል። ጋሽ ላቴቦ ከፊቱ ደርሰው በዚያ በጥቁሩ እጃቸው መንገዱን ዘግተው ቆሙ፤ በሬው ራሱ የትራፊክ ምልክት ያየ ይመስል ቆመ። ያን ቀን ሥጋው ሲመደብ ሰው በሳቅ ዕጣ መጣል አቃተው። ኋላ የተገዙት በሬዎች ሁሉ ከዚያ የሰቡ ነበሩ፤ እኔ የማስታውሰው ግን እሱን ነው።

ከዚያ በኋላ ምርቃቱ መድረስ ጀመረ።

የመጀመሪያው መለሰ ነው። ሲሚንቶው ቀናው፣ ቆርቆሮው ቀናው። አንድ መስከረም መጥቶ ደጃፉ ላይ እግሩን እያሸ ቆመ። «ጋሼ፣ ዘንድሮ... ባለቤቴም ዘመዶቿን ልትጠራ ነው... የራሳችንን ልንል አስበን...» ብሎ አንገቱን ደፋ። ሚስት የሚፈታ ነበር የሚመስለው። ጋሽ ላቴቦ ዘለው አቀፉት። «ደረሰ! አማረች፣ ነይ ስሚ፣ ምርቃቴ ደረሰ!» ብለው ግቢውን በእልልታ ሞሉት። ውሸት አልነበረም፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

በዓመቱ ሌላ ቤት ከቅርጫው ወጣ፣ ከዚያም ሌላ። የአንዱ ልጅ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፈተ፤ የሌላዋ ሁለት ልጆች እዚያው ገቡ። የእንሰት አጥሩ ፈርሶ ግንብ ቆመ፣ ከግንቡ ጀርባ ጂ ፕላስ ሁለት ቆመ። ኮብልስቶን ተነጠፈ። ይሄን ሁሉ የሚጠላ ሰው እብድ ነው፤ እኔ ራሴ ጭቃው በመቅረቱ ስለ ጫማዬ አመስግኛለሁ። ጋሽ ላቴቦ ደግሞ በእያንዳንዱ ቤት መሠረት ላይ ተጠርተው መረቁ። ለሚሄደውም ልጅ ጸለዩ። የራሳቸውንም አንድ ልጅ፣ ታምራትን፣ ጸልየው ሸኙት።

እያንዳንዱ የወጣ ሰው ሲወጣ ደግ ነገር አግኝቶ ነው። ማንም አልከዳቸውም፣ ማንም ፊቱን አላዞረባቸውም። ቢጣሏቸውማ እሳቸውም ተቆጥተው ያርፉ ነበር፤ የሚቆጡበት ሰው አልነበረም።

መስከረም ሲገባ መዞራቸውን ግን አላቆሙም። ከአዳዲሶቹ ትልልቅ ቤቶች ፊት ይቆሙና አንገታቸውን ቀና አድርገው ፎቁን ያያሉ። «ስንት ቤት ነን?» ስላቸው «ግንቡ ብዙ ነው» ይሉኛል። ባለቤቱ ጆሃንስበርግ ያለ፣ ዘበኛ ብቻ የሚያድርበትን ቤት አይቆጥሩትም። «በሩስ አለ፣ በጣም ጥሩ በር ነው። ሰው ነው የሌለው» ይላሉ።

አንድ ከሰዓት እሳቸውና ከድር በራፉ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ አገኘኋቸው። ከድር የፎንቆ ሰው ነው፣ ሙስሊም፤ አይሱዙ ይነዳል፤ ከመንገድ ሥራ ጊዜ ጀምሮ ወዳጃቸው ነው። እሱም አልፎለት ነበር።

«አንተ ከድር» አሉት፣ «በአረፋ ብቻህን ታርዳለህ?»

«ብቻዬን ነው የማርደው ጋሼ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እከፍላለሁ። ለቤቴ፣ ለዘመድ ለጎረቤት፣ ለሌለው። ሞላልኝ ብዬ ልተወው? የታዘዘ ነው እኮ።»

ጋሽ ላቴቦ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእኛ ችግር ይሄ ነው» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «እኛን ያዘዘን ማጣት ነበር። አሁን ማን ይዘዘን?»

እኔ ደግሞ የሰው ልብ የሚያጽናና መስሎኝ «ድሮ ይሻል ነበር ጋሼ» አልኳቸው። ከእሳቸው ጋር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ የተቆጡኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

«ድሮን አታንሳብኝ! ድሮን ታውቀዋለህ አንተ? ድሮ ሰው ሥጋ የሚቀምሰው በዓመት አንዴ ነው። ድሮ ልጄን በኩፍኝ ቀብሬአለሁ፤ መንገድ ስለሌለ ሐኪም ጋ አልደረሰችም። እኔ መንገድ ስሠራ ዕድሜዬን የጨረስኩት ድሮ እንዳይመለስ ነው።» ከዚያ ድምፃቸው ለስለስ አለ። «ሰው ይጥገብ። ጠግቦ ደግሞ ይምጣ። ሁለቱ አብረው አይሆኑም ያለው ማነው?»

ከድር ተነስቶ ወደ አይሱዙው ሄደ።

በኋላ አግብቼ ወደ ዱራሜ ተመለስኩ። እኔም ማለት እንግዲህ አንድ ቤት ቀነስኩባቸው። መሄዴን ስነግራቸው እንደ መለሰ እኔንም አቅፈው እልል አሉልኝ።

ባለፈው ዓመት የመስቀል ዋዜማ ላይ ለሥራ ሆሳዕና ሄጄ ነበር፤ ሳላያቸው መመለስ ስለማይሆንልኝ ከሰዓት በኋላ ጎራ አልኩ። ግቢው ውስጥ የእንሰት ቅጠል ተነጥፏል። ደስ አለኝ፤ ቅርጫው ቀጥሏል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ቅጠሉ ላይ ሥጋው እንደ ድሮው መደብ በመደብ ተደርድሯል፤ እትዬ አማረች በቅጠል ዝንብ ይከላከላሉ። ሰው ግን የለም።

ታምራት ነው ሙሉ በሬ የገዛላቸው። ከደቡብ አፍሪካ በስልክ ፊታቸውን እያየ «አባ፣ ዘንድሮ የራስህን ታርዳለህ። ከማንም ጋር ቅርጫ አትግባ» ብሏቸዋል። በሬው በአይሱዙ ተጭኖ በር ድረስ መጥቷል፣ ምንም ሳይንፈራገጥ ገብቷል። እሳቸውም ልጃቸውን መርቀው ሲያበቁ በሬውን በድሮው የሰፈር ልክ መደቡት፣ ከዚያ ለድሮዎቹ ቤቶች ሁሉ ደወሉ።

«ምን አሉዎት?» አልኩ።

«ሁሉም በጣም አመሰገነ» አሉኝ።

እትዬ አማረች ዝንብ መከላከሉን ሳያቆሙ ቀሪውን ነገሩኝ። መለሰ «ጋሼ፣ እኛ ጋ ፍሪጁም ሞልቶ ዲፕ ፍሪዘሩም ሞልቷል፣ የት እናድርገው?» ብሏቸዋል። ሌሎቹም እንዲያው ነው ያሉት። ይባስ ብሎ ለክብራቸው እያንዳንዱ ቤት በሠራተኛው በኩል ሥጋ ላከላቸው። አንዱ ሽንጥ፣ አንዱ ጭቅና፣ መለሰ ሙሉ ታፋ። ተቀባይ የተጠራበት ግቢ ውስጥ ሥጋው እጥፍ ሆኖ ቁጭ ብሏል። እትዬ አማረች ይሄን ሲነግሩኝ መሳቅ ጀመሩ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ሁለታችንም ጋሽ ላቴቦን አየናቸውና ተውነው።

«ለዘበኞቹ እንስጣቸዋ» አልኩ።

«ሰጠን እኮ። ለዘበኞቹም ሰጠን፣ ኮብልስቶን ለሚጠርቡትም ሰጠን። በሁለት እጃቸው ተቀብለው መርቀውኝ ሄዱ።» አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው መደቦቹን እንደ ድሮው አዩ። «ግን አንዱም ‹የኔ አነሰ› አላለኝም። እኔ እሱ ነው የናፈቀኝ፤ ‹የኔ አነሰ› የሚል ሰው።»

ቀስ ብለው ተነሱ። በመደቦቹ መሃል ዞሩ። ጎንበስ ብለው ከአንዱ ቁራጭ አንስተው ለሌላው ጨመሩ። ማንም የማይወስደውን ሥጋ ለምን እንደሚያስተካክሉ አልጠየቅኋቸውም።

«ስንት ቤት ነን?» አሉኝ።

«ሁለት ነን ጋሼ።»

«ጥሩ። ዕጣ ጣል።»

ጸጉሬ ላይ ያለውን ማስያዣ ነቅዬ ባርኔጣቸው ውስጥ ጣልኩ። እሳቸውም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዕጣ ጣሉ፤ የበራቸውን ቁልፍ። እትዬ አማረች ፊታቸውን አዙረው ቆይተው መጥተው በመጀመሪያዎቹ ሁለት መደቦች ላይ አስቀመጡት። ቀሪዎቹ መደቦች ዕጣ ሳይኖራቸው ተደርድረው ቀሩ። «የኔ አነሰ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ጋሽ ላቴቦ ፈገግ አሉ፤ ግን ለእሳቸው ብዬ እንዳልኩት ገብቷቸዋል።

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ለከርሞ...» አሉና ቆሙ። እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። ከግንቡ ማዶ፣ ከመለሰ ግቢ፣ የእንግዳ ሳቅና የሙዚቃ ድምፅ ይሰማል።

«አማረች» አሉ፣ «ምን ብዬ ልመርቅ? እንዳይሞላላችሁ ልበል?»

እኔ እንባዬ መጥቶ መሬት መሬት አየሁ።

«አልልም» አሉ ጋሽ ላቴቦ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ግንቡን ተሻግሮ ሊሰማ በሚችል ድምፅ፣ «ለከርሞ ሁላችሁም የየራሳችሁን በሬ እረዱ!» አሉ።

«አሜን» አልኩ ብቻዬን። ያን ግቢ ያናውጥ የነበረው አሜን አፌ ውስጥ ትንሽ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ለቀብራቸው ስደርስ መኪናው ከበራቸው እስከ ዋናው መንገድ ተደርድሮ ነበር። ድንኳኑ ትልቅ፣ ምግቡ የተትረፈረፈ፣ አንድም የጎደለ ነገር አልነበረም። መለሰ እንደ ሕፃን ነበር ያለቀሰው። ድንኳኑ ውስጥ የድሮዎቹ ቤቶች በሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳያቸው ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ፤ አንድም አልቀረም።

ዘንድሮ መስቀል ሲደርስ ባለቤቴ በሬ ገዛ። የእኛ የብቻችን። ሥራችንም ቀንቶን፣ ልጆቹም አድገው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አቅማችን ቻለ። ልጆቹ በደስታ ዘለሉ፤ እኔም ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ሥጋውን ለመበለት የተጠራው ሰው ቢላውን ስሎ ሲጨርስ እንሰት ቅጠሉ ላይ ተንበርክኮ ቀና ብሎ አየኝ።

«እትዬ፣ በስንት ልመድበው? ስንት ቤት ናችሁ?» አለኝ።

ወደ በሩ ዞር ብዬ አየሁ። የብረት በራችን ተዘግቷል።

«አንድ» አልኩት።